ሚስኮል ያስኬደን መንገድ፦ ከጅግጅጋ እስከ አይሻ

«አይሻ የት ነው?» ብሎ የማይጠይቀኝ የደብረ ብርሃን ሰው የለም። ካርታ አውጥቼ ጣቴን ጅቡቲ ድንበር አጠገብ ሳሳርፍ ደግሞ «እዚያ ድረስ ምን ልትሠሪ ሄድሽ?» ይሉኛል። ለአብዛኛው ሰው የኬላውንና የሙዙን ነገር ብቻ አውርቼ፣ አስቄ እሸኛለሁ። ሙሉውን የምጽፈው ገና አሁን ነው። ባለታሪኮቹ ጻፊው ብለውኛል፤ ስማቸውንም ለውጬዋለሁ።

የራሴን ጉዳይ ግን አልደብቅም። ቫይረሱ በደሜ ውስጥ እንዳለ ካወቅኩ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ኪኒኔን በየቀኑ እውጣለሁ፤ እንደ እኔ ያሉ ሰዎችም እንዳይረሱና ብቻቸውን እንዳይቀሩ አግዛለሁ። ሥራው የአቻ ድጋፍ ይባላል፤ መሣሪያችን ደግሞ ሚስኮል ነው። በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ደጋፊው ለተደጋፊው አንዴ ጠርቶ ይዘጋል። «ሰዓቱ ደርሷል» ማለቱ ነው። ያኛው ኪኒኑን ከዋጠ በኋላ እሱም አንዴ ጠርቶ ይዘጋል። «ዋጥኩ» ማለቱ ነው። ሳንቲም አይወጣም፣ ቃል አይነገርም፣ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ምንም አያውቅም። ይኸው ዘዴ በጅግጅጋና ከዚያ በላይ ባሉት ከተሞች ከተጀመረ ስድስት ወር ሞልቶት ስለነበር፣ እንዴት እንደሚሄድ አይቼ አዳዲስ ደጋፊዎችን እንዳሠለጥን ተላክኩ። ዘመኑ የድሮው ባቡር ቆሞ የአዲሱ ወሬ ብቻ የሚመላለስበት ነበር።

የመጀመሪያው ቀን

በዋዜማው ከቤቴ የወጣሁት በሹራብ፣ በጋቢና በወፍራም ካልሲ ነው። ወሩ ግንቦት ነው፤ ነገር ግን የእኛ አገር ማለዳ ግንቦት መግባቱን የሚነግረው ሰው የለም። አዲስ አበባ እህቴ ቤት አድሬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት አውቶብስ ተሳፈርኩ። አዳማ ላይ ሹራቡን፣ መተሐራ ላይ ጋቢውን፣ አዋሽ ላይ ካልሲውን አወለቅኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው የጅግጅጋ ነጋዴ ልብሴ እየተቆለለ ሲሄድ አይታ፣ ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ምን ልታወልቂ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ድሬዳዋን እንደማናልፍባት ሳውቅ ለራሴ ሰውነት ስል ደስ አለኝ።

ጭሮ አደርን። የሆቴሉ ክፍል ጥሩ ነበር፤ አልጋው ግን ከአንድ በኩል እግሩ አጥሮ ስለነበር ሌሊቱን ሙሉ ወደ ግድግዳው ስንሸራተት አደርኩ። ባለቤቷ ጠዋት ሰምታ እጅግ አዘነች፤ ለመንገድ ብላ ትኩስ አምባሻ ጠቅልላ ሰጠችኝ። ያ አምባሻ እስከ ሐረር አልደረሰም።

ሁለተኛው ቀን

ባቢሌን እንዳለፍን ዳካታ የሚባለው ሸለቆ ላይ ድንጋዮቹ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ቆመዋል። ማን እንደደረደራቸው ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም፤ ፍተሻ ኬላ ደረስን።

ሻንጣዬ ውስጥ ለሥልጠናው የተሰጡኝ ሃያ አራት ስልኮች ነበሩ፤ እነዚያ ትንንሾቹ፣ ቁልፍ ያላቸው። ፈታሹ ሻንጣውን ከፍቶ ስልኮቹን አየ፤ ከዚያ እኔን አየኝ፤ ከዚያ አውቶብሱ የዞረበትን አቅጣጫ አየ። ጓደኞቹን ጠራቸው። እዚህ ኬላ ስቆም ዓመታት አልፈውኛል፣ ከጅግጅጋ ስልክ ጭኖ የሚወጣ ሰው ሳይዝ የዋልኩበት ቀን የለም፣ ወደ ጅግጅጋ ስልክ ጭኖ የሚገባ ግን ዛሬ ገና አየሁ አላቸው። የያዝኩት ደብዳቤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ቆየ። ያነበበ ሁሉ ይስቃል። በመጨረሻ ከመካከላቸው አንዱ፣ እህቴ እዚያ ደርሰሽ ብትገዢ ይሻልሽ ነበር ብሎ በሐዘኔታ መከረኝና ሻንጣዬን ራሱ ተሸክሞ መለሰልኝ። እስከ ካራማራ አውቶብሱ በሙሉ ስለ እኔ ነበር የሚያወራው። ሶማሊኛ አላውቅም፤ ቢሆንም የሚሳቅበት ሰው ቋንቋ አያስፈልገውም።

ካራማራን ወርደን ጅግጅጋ ስንገባ ነፋሱ ተቀበለን። ከተማዋ ሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ የእኛን ከተማ የሚመስላት ነፋሷ ብቻ ነው። ያስተናገደችኝ የሚስኮሉን ሥራ እዚያ የምትመራው ሲስተር ታደለች ናት። ጎንደር ተወልዳ በነርስነት ተመድባ የመጣች፣ አሁን ግን በሶማሊኛ የምትቆጣ ሴት። ራት ምግብ ቤት ወሰደችኝ። አንድ ትሪ ሩዝ በፍየል ሥጋ መጣ፤ ከጎኑ አንድ ያልተላጠ ሙዝ። እኔ ሙዙን ለመጨረሻ ብዬ ወደ ጎን አስቀመጥኩት። አሳላፊው አየና መልሶ ትሪው ላይ አደረገው። እኔ መልሼ አወጣሁት። ሦስተኛው ላይ ልጦ፣ ቆራርጦ ሩዙ ላይ ደባልቆልኝ ሄደ። የደብረ ብርሃን ሰው በሽሮ ላይ ሙዝ ቢደረግበት የሚለውን እያሰብኩ ቀመስኩት። እውነቱን መናገር ካለብኝ ትሪውን ጨርሻለሁ።

ሦስተኛው ቀን

ሥልጠናው ጤና ጣቢያው አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሃያ ሰዎች መጡ፤ አንዷ ከኤረር አንድ ዘንቢል ብርቱካን ተሸክማ ስለመጣች ቀኑን ሙሉ እየላጥን ነው የሠለጠንነው።

እዚህ አገር የገጠማቸው ችግር እኛ ጋ ያልነበረ ነው። ጥሪ ዓይቶ መልሶ አለመደወል ነውር ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ሚስኮል የደረሰው ሁሉ እየደወለ፣ ደህና ነህ ወይ፣ ልጆቹስ፣ እናትህስ፣ ከብቶቹስ፣ ዝናቡስ እያለ ግማሽ ሰዓት ያወራ ነበር። ኪኒኑን የዋጠ ሰው ግን አልነበረም፤ ወሬው አስረስቷቸው። ሲስተር ታደለች ይህን ስትነግረኝ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

ሌላው ጉዳይ ምስጢር ነው። እዚህ ሁለት ሰዎች ከተገናኙ በሦስት ጥያቄ የአያት ቅድመ አያታቸውን ስም ያዛምዳሉ። ስለዚህ ሲስተር ታደለች ደጋፊና ተደጋፊን ሆን ብላ ከሩቅ ከተማ እያገናኘች ነው የምታጣምረው። የጅግጅጋው ለአይሻዋ፣ የኤረሯ ለጅግጅጋው። ስምና መልክ አይተዋወቁም፤ የሚያውቁት ቁጥር ብቻ ነው። ሁሉንም የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።

በዕረፍት ሰዓት ሙክታር የሚባል ልብስ ሰፊ ቀረበኝ። ዕድሜው ወደ አርባ የሚሆን፣ ቀጭን፣ አንገቱ ላይ ሜትሩን እንዳንጠለጠለ የመጣ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ሳላስበው ሰው ለትዳር ልጠይቅ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሙክታር አይሻ ላለች አንዲት ሴት ስድስት ወር ሙሉ፣ አንድ ምሽት ሳያሳልፍ፣ ሚስኮል ሲያደርግ ኖሯል። እሷም ሳታሳልፍ ስትመልስ ቆይታለች። ከአሥራ አንድ ቀን በፊት መልሱ ቀረ። በሦስተኛው ቀን በሴትዮዋ ቁጥር አንድ ድምፀ ጎርናና ሰው ደወለ። ወንድሟ ነው። እህቴ ባሏ የሞተባት ጨዋ ሴት ናት፣ በየምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ እየደወልክ የምትዘጋው ምን ፈልገህ ነው አለው። ሙክታር ደንግጦ ስልኩን አጠፋ። እሷ ደግሞ ከጎረቤት ስልክ ተውሳ ለሲስተር ታደለች ደወለች። ወንድሟ ሲያፋጥጣት እውነቱን መናገር ስላልቻለች፣ ሊያገባኝ የሚፈልግ ሰው ነው ብላው ኖሯል። ወንድሟም እንግዲያው በሰው ወግ ይምጣ፣ እስኪመጣ ስልክም የለሽ፣ ድሬዳዋም አትሄጂም አላት። ይሄኔ መስመሩ ተቋረጠ።

የሚያስፈራው ድሬዳዋ አትሄጂም ያላት ነው። በአይሻ ማንም እንዳያውቅባት መድኃኒቷን የምትወስደው ልብስ ልትገዛ ድሬዳዋ ስትሄድ ነበር። በሲስተር ታደለች መዝገብ መሠረት እጇ ላይ የቀረው የአንድ ሳምንት ኪኒን ነው፤ ያውም ሳታቋርጥ እየዋጠች ከሆነ። እየዋጠች መሆኑን ማንም አያውቅም። መድኃኒቱም ከድሬዳዋ ለራሷ ካልሆነ ለሌላ ሰው አይሰጥም።

ከጤና ቢሮ ሰው ቢላክ ትንሿ ከተማ በአንድ ቀን ትረዳዋለች። ሊሄድ የሚችለው ሙክታር ብቻ ነው፤ የሚሄደውም እንደ ጠያቂ ነው። ጠያቂ ደግሞ ብቻውን አይሄድም። ዘመዶቹን ይዞ እንዳይሄድ ማን ናት፣ የት አየሃት ይሉታል። ሲስተር ታደለች አዳራሹን ዞር ዞር ብላ ዓይኗ እኔ ላይ አረፈ። እንዲህ ሆኖ ነው የደብረ ብርሃን ማርያም ሰንበቴ አባል የሆንኩ ሴት በአይሻ ከተማ የሙስሊም ሙሽራ ሽማግሌ የሆንኩት።

አራተኛው ቀን

በሚኒባስ በሐረር አድርገን ድሬዳዋ ወረድን። ሙክታር ባዶ እጅ አይኬድም ብሎ ድራዕ የሚሉትን የሶማሌ ሴቶች ሰፊ ቀሚስ ሰፍቶ ይዟል። አይተሃት የማታውቃትን ሴት እንዴት ለክተህ ሰፋህላት ብዬ ብጠይቀው፣ ድራዕ ልክ አይፈልግም፣ ለቀጭንም ለወፍራምም ይሆናል፣ ለዚህ ነው የመረጥኩት አለኝ። መንገዱን ሙሉ ንግግሩን ሲለማመድ ነበር። እኔ ወንድሟን ሆኜ እጠይቀዋለሁ፤ እሱ ይመልሳል፤ ሹፌሩ መልሱን ያርምለታል። ሐረር ስንደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ሙክታር መዳር አለበት በሚለው ተስማምቷል።

ድሬዳዋ ያረፍንበት ቤት ባለቤት ሙቀቱን እንደማልችል ፊቴን አይታ አውቃ ፍራሼን ጣራ ላይ አነጠፈችልኝ። ደብረ ብርሃን ላይ ጣራ ላይ የሚያድር ሰው ቢገኝ ጠዋት ደርቆ ነው የሚገኘው። እዚህ ሹራቤን ትራስ አድርጌ እንደ ሕፃን ተኛሁ።

አምስተኛው ቀን

አይሱዙ ተሳፍረን ወደ አይሻ ወጣን። ጭነቱ ሽንኩርት ነው፤ እኛ ጋቢና ውስጥ ከሹፌሩ ጋር። መንገዱ ኮረት ነው፤ ጎማ ሁለት ጊዜ ፈነዳ። ሁለተኛው አዲጋላ መግቢያ ላይ ነበር፤ ሌላ ትርፍ ጎማ ስለሌለ ሹፌሩ በመጣ መኪና ጎማውን ይዞ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰ። እኛና ሽንኩርቱ አዲጋላ ቀረን።

ያሳደሩን አዴር ሮብሌ ናቸው፤ አዴር ማለት አጎት ማለት ነው፣ የከተማው ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠራቸው። ባቡር ጣቢያው ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ባቡር ከቀረ ቢቆይም ጣቢያውን ጠዋት ጠርገው ይከፍታሉ፣ ማታ ይቆልፋሉ። አማርኛቸው የባቡር ሠራተኛ አማርኛ ነው፣ ቁርጥ ቁርጥ ያለ። እንግዶች መንገድ ላይ ሊቀሩ ነው ብለው በራሳቸው ተቆጡ። ምንጣፍ አመጡ፣ ሩዝ አስመጡ፣ አንድ ትልቅ ዕቃ ሙሉ የግመል ወተት ሰጡኝ። ጣፋጭ ነው፤ ሁለተኛ ቀዱልኝ። ሙክታር ዓይኑን ሲያፈጥብኝ ነበር፣ እኔ ግን አልገባኝም። ለግመል ወተት ያልለመደ ሆድ የሚሆነውን እዚህ አልጽፈውም። የአዴር ሮብሌ ባለቤት ግን ሳትስቅ፣ ሳትሰለች፣ ሞቅ ያለ ሻይ በዝንጅብል እያፈላች አብራኝ ቆየች። እኔ እሷን ብሆን እስቅ ነበር።

ለምን እንደምንሄድ ሲጠይቁን ሙክታር፣ አይሻ ያለውን የጉሌድን እህት ለትዳር ልጠይቅ ነው አላቸው። ሽማግሌዎችህስ የት አሉ አሉት። እኔን አሳያቸው። አዴር ሮብሌ ከነጠላዬ እስከ ጫማዬ አዩኝ። ያልጠበቅኩትን ነገር የተናገሩት ከዚያ በኋላ ነው፦ ይህስ አይሆንም፣ እኔም አብሬ እሄዳለሁ፣ ወንድሟን ጉሌድን አውቀዋለሁ፣ በወጣትነቱ ያለ ትኬት እየተሳፈረ ስንት ጊዜ ይዤዋለሁ አሉ። ካወቁን ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም።

ስድስተኛው ቀን

ጎማው በጠዋት መጣ፤ ረፋድ ላይ አይሻ ገባን። አይሻ ነፋስ፣ አሸዋና የቆመ የባቡር ሐዲድ ናት፤ ሙቀቷ ላይ አስተያየት አልሰጥም፣ አማርኛችን ለእሱ ቃል ያዘጋጀ አይመስለኝም። የጉሌድ ቤት ትልቅ ግቢ ነው። ጉሌድ ራሱ ግዙፍ ሰው ነው፤ ሽርጥ ታጥቆ፣ የእህቱን ስልክ በሸሚዝ ኪሱ ይዞ ወጣ። አዴር ሮብሌን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፤ የትኬቱ ጉዳይ ትዝ ብሎት መሰለኝ። ጥላ ሥር ምንጣፍ ተነጠፈልን፤ አዴር ሮብሌ አጠገቤ ተቀምጠው የሚባለውን በአማርኛ ሹክ ይሉኝ ነበር።

ያ ሰውዬ ቁጡ አልነበረም። የፈራው አንድ ነገር እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ፤ እህቱ ድሬዳዋ ስትመላለስ ከዚህ ሰው ጋር በድብቅ እየተገናኘች ከሆነ የቤቱ ስም ሊጠፋ ነው። ስለዚህ ሁሉም ጥያቄው ወደዚያ ነው የሚዞረው። የት አየሃት? ስንት ጊዜ? ማን ነበረ? ሙክታር የተለማመደው ንግግር ውስጥ እነዚህ ጥያቄዎች የሉም። አልዋሸም፤ እየተንተባተበ በስልክ ብቻ ነው የማውቃት አለ። ጉሌድ ፈገግ አለ፤ እንዲህ ያለ ፈገግታ አልወድም። እኔ በልቤ ጉዳዩ አለቀ፣ ልጅቱ መድኃኒቷን ሳታገኝ ልትቀር ነው እያልኩ ላቤን እጠርጋለሁ።

በዚህ መሐል ሁለት ሴቶች ሻይ ይዘው ወጡ። አንዷ ሞላ ያለች፣ ወርቅ ያደረገች፣ ሳቂታ። ሌላዋ ከኋላ፣ ጸጥ ያለች፣ ዓይኗን መሬት ላይ የተከለች። ሙክታር ብድግ አለ። ሁለቱን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ፊቱ ቀልቶ፣ ወርቅ ላደረገችው ሴት ሰላምታ ሰጣት፤ ቀሚሱንም በሁለት እጁ አቀረበላት።

ሴትዮዋ ፋዱማ ናት። የጉሌድ ሚስት።

 አዴር ሮብሌ በከዘራቸው ፊታቸውን ለመሸፈን ሞከሩ። ፋዱማ ቀሚሱን ይዛ ቆማለች፤ ጨርቁን በጣቷ ዳበስ አድርጋ፣ ጥሩ ስፌት ነው አለች። ጉሌድ ሚስቱን አየ፣ ሙክታርን አየ፣ ከዚያ የዚያ ግዙፍ ሰው ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሊመታው ነው ብዬ ተነሣሁ። እሱ ግን ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ እየሳቀ ነበር። ሲስቅ መላው ግቢ ሳቀ፤ አጥሩ ላይ ተንጠላጥለው የሚያዩት ጎረቤቶች ሳይቀሩ። ሙክታር ብቻ የሆነው ሳይገባው እንደ ቆመ ነው።

ጉሌድ እንባውን ጠርጎ ሲቀመጥ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ከዚህ በላይ ምስክር አልፈልግም አለ። ይህ ሰው እህቴን አይቷት ቢያውቅ ኖሮ ሚስቴን አይጠይቀኝም ነበር፤ የእህቴ ስም ንጹሕ ነው፣ የሱም። ለካስ ያንን ሁሉ ልምምድ ተለማምደን መዳኛችን የሙክታር ስህተት ኖሯል።

አንድ ቅሬታ ግን ቀርቶት ነበር፤ ያውም ከባድ። «ስድስት ወር ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ካርድ ሞልተህ አላናገርካትም? ቆጣቢ ሰው አይቻለሁ፤ እንደ አንተ ያለ ግን አላየሁም» አለው።

እኔ መልስ ልፈልግለት አፌን ከፈትኩ፤ ሙክታር ቀደመኝ። «ዛሬም መኖሯን ማወቅ ይበቃኝ ነበር» አለ።

 ጉሌድ የሻዩን ብርጭቆ ወደ ሙክታር ገፋ አደረገ። ታዲያ ትፈልጋታለህ አለው። ሙክታር አሁን ትክክለኛዋን ሴት እያየ፣ እፈልጋለሁ አለ። እኔ በልቤ፣ አቤት ሲዋሽ ሲያምርበት፣ ከእኔ አሥልጣኝነት ይልቅ እሱ ቢያሠለጥን ይሻላል አልኩ። ጉሌድ ወደ እህቱ ዞረ። ስሟ ሆዳን ነው። ሆዳን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ፣ ሦስት ወር በአፉ ያናግረኝ፣ ከዚያ እኔ ራሴ መልስ እሰጣለሁ አለች። ወንድሟ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ በእጇ አስቀመጠላት። ድሬዳዋም ሂጂ አላት፤ ደግሞም ለዕቃ መግዣ ብሎ ራሱ መኪና እንደሚፈልግላት ቃል ገባ።

ምሳው እስኪቀርብ ሴቶቹ ወደ ማድ ቤት ወሰዱኝ። ፋዱማ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ከሆዳን ጋር ብቻችንን ቀረን። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላ የምጠይቃት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ኪኒንሽንስ አልኳት።

«ስልኩን እንጂ ሰዓቱን አልወሰደብኝም» አለችኝ፣ ድሬዳዋ ገበያ በለመደችው አማርኛ። በየምሽቱ ሳታስታጉል ውጣለች። የቀሩትን ከሻይ ቅጠል ጣሳ ሥር አውጥታ አሳየችኝ፤ አራት ናቸው። በሁለት ቀን ውስጥ ድሬዳዋ እሄዳለሁ አለች። አቅፌ ሳምኳት፤ ሹራብ ብለብስ ኖሮ በሹራቤ እንባዬን እጠርግ ነበር፣ በነጠላዬ ጠረግኩት።

ከዚያ ጣሳውን ስትከድን ፊቷን ሳታዞር፣ «እንደ እኛ ያሉ ሁለት ሰዎች ጤነኛ ልጅ ይወልዳሉ ይባላል፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

መድኃኒቷን የማታቋርጥና ሐኪሟን የምትሰማ እናት ትወልዳለች አልኳት። የእኔ ልጅ አራተኛ ክፍል ናት፣ ቫይረሱ የለባትም፣ ያለባት የሂሳብ ችግር ብቻ ነው። ሆዳን ሳቀች። ይህን ጥያቄ ለማንም እንዳትነግሪብኝ አለችኝ። የሥራችን የመጀመሪያው ደንብ ነው፤ አንዱ የነገረሽን ለሌላው አታደርሺም። ማልኩላት።

ምሳው ሁለት ፍየል ነበር። ሙዙን ራሴ ልጬ ሩዜ ላይ ቆረጥኩት፤ አዴር ሮብሌ ይህች የእኛ ሰው ናት አሉ። ቀሚሱ ፋዱማ ዘንድ ቀረ፤ ለሆዳን ሌላ ይሰፋል ተባለ።

ሰባተኛው ቀን

ስንመለስ ጉሌድ ራሱ መኪና ፈልጎ እስከ አዲጋላ አደረሰን። አዴር ሮብሌን ቤታቸው አስገብተን፣ ባለቤታቸው ለመንገድ ብላ የሰጠችኝን የግመል ወተት በትሕትና ለሙክታር አሳልፌ፣ የድሬዳዋ መኪና እስኪመጣ ጣቢያው ጥላ ሥር ተቀመጥን። እኔ ነገሩ ባማረ መንገድ ስላለቀ አፌ አልዘጋ ብሏል። በል እንግዲህ፣ በሦስት ወር ውስጥ ይህን እጮኛነት ማንንም ሳናስቀይም እንዴት እንደምንፈታው እናስብ አልኩት።

ሙክታር ሐዲዱን እያየ፣ «ማን ፍቱልኝ አለሽ?» አለኝ።

ዞር ብዬ አየሁት። ስድስት ወር ሙሉ መልሷ ሲመጣ ነበር ራቴ የሚወርድልኝ፣ መልሷ ሲቀር መርፌ መያዝ አቃተኝ፤ ለጉሌድ ከተናገርኩት ውስጥ ውሸት አልነበረም አለ።  እሱ ግን ገና አልጨረሰም። ሜትሩን ጣቱ ላይ እየጠቀለለ፣ እየፈታ፣ ፊቱን ወደ ሜዳው አዙሮ፣ እንደ እኛ ያሉ ሁለት ሰዎች ጤነኛ ልጅ መውለድ ይችላሉ የሚባለው እውነት ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

ለእሷ የነገርኳትን ቃል በቃል ነገርኩት፤ ልጄን፣ አራተኛ ክፍሏን፣ ሂሳቧን። ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ጠየመ።

«እኔ እንዲህ አስባለሁ፤ እሷ ግን እንዲህ ያለ ነገር ወደ ልቧ የሚመጣ ይመስልሻል?» አለኝ።

ይህን ሥራ ከጀመርኩ ስንት የሚያስለቅስ ምስጢር ጠብቄያለሁ፤ ደስ የሚል ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። መኪናው እስኪመጣ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ እስከ ድሬዳዋ ድረስ ደግሞ ግማሽ ቀን፣ ነጠላዬን አፌ ላይ ይዤ ጠያቂህ አልሆንም፣ ራስህ ደውለህ ጠይቃት እያልኩ ዘለቅኩ። ምስጢር መጠበቅ እንደዚያን ቀን ከብዶኝ አያውቅም።